የቸኮሌቱ ወተት ለትንሿ ልጄ ይሆናል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ነገር ላይ ያርፋሉ። በካርቶንና በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጡት የቸኮሌት፣ የእንጆሪ፣ የቫኒላና የሙዝ ጣዕም ያላቸው ወተቶች ለሕፃናት ደህና ናቸው ወይ? የዛሬውን ገጽ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ረዘም ያለ ማብራሪያ የሚፈልጉትን አስቀድመን፣ አጫጭሮቹን ወደ መጨረሻው አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 1 ዓመት ከ7 ወሯ ነው። ነጭ ወተት ድሮም ብዙ አትወድም ነበር። በቀደም ልደት ላይ አንዲት ዘመዳችን የቸኮሌት ወተት በስትሮ አስቀመሰቻት። ከዚያ ወዲህ ነጩን ሳቀርብላት ፊቷን ታዞራለች፣ ካርቶኑን ስታይ ግን እጇን ትዘረጋለች። ማሸጊያው ላይ «በካልሲየምና በቫይታሚን ዲ የበለጸገ፣ ለሚያድጉ ልጆች» ይላል። ባለቤቴ «ወተት እስከሆነ ድረስ ምን ችግር አለው? ጨርሶ ከማትጠጣ ይሻላል» ይለኛል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ደህና መሆኑን በምን ላረጋግጥ? (የአንዲት ልጅ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽን አሳርፊ። ልጅሽ የወተት አለርጂ ካለባት በቀር ልደት ላይ የቀመሰችው አይጎዳትም። የሚያሳስበው ነገሩ ልማድ ሲሆን ነው። በየቀኑ ልስጣት ወይ ካልሽኝ መልሴ አጭር ነው፤ አትስጫት። 2 ዓመት እስኪሞላት ድረስ ጨርሶ ይቅርባት። ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ትቅመሰው እንጂ የዕለት ወተቷ አይሁን።

ይሄን ከራሴ አመንጭቼ አይደለም የምልሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ላሉ ሕፃናት አመጋገብ ባወጣው መመሪያ፣ ስኳር የተጨመረባቸው መጠጦች ለእነዚህ ልጆች አይሰጡ ብሏል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ከ2 ዓመት በታች ላሉት የተጨመረ ስኳር ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከ2 ዓመት በላይ ላሉት ደግሞ በቀን ከ25 ግራም እንዳይበልጥ መክሯል። በ2019 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ የተሳተፈበት የባለሙያዎች ቡድን ደግሞ ጠበቅ አድርጎ፣ ጣዕም የተጨመረበት ወተት ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም አለ። እኔ ለጤነኛ የ4 ዓመት ልጅ አንድ ቀን በግብዣ ላይ ቢጠጣ አልቆጣም። ለ1 ዓመት ከ7 ወሯ ልጅ በየጠዋቱ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንምጣ። የፊቱን ተዪው። እዚያ ያለው ሥዕልና ጽሑፍ ለመሸጥ የተደረገ ነው። «በቫይታሚን ዲ የበለጸገ» የሚለው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ቫይታሚን መጨመሩ ውስጡ ያለውን ስኳር አያስወጣውም። ካልሲየሙ ደግሞ ነጩም ወተት ውስጥ አለ፤ በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 120 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፣ ማንም ሳይጨምርበት። «ለሚያድጉ ልጆች» የሚለውም አንድም ዕድሜ አይጠቅስም። የ10 ዓመት ልጅም ያድጋል፣ የአንቺም ልጅ ታድጋለች፤ ለሁለቱ የሚሆነው ግን አንድ አይደለም። ካርቶን ላይ ዝሆንና ጦጣ ስለተሳለ ብቻ ምርቱ ለሕፃን ተብሎ ተመርምሯል ማለት አይደለም።

እንግዲህ አዙሪውና ጀርባውን አንብቢ። በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ሠንጠረዥ አለ። «በ100 ሚሊ ሊትር» የሚለውን ረድፍ ያዢ እንጂ «በአንድ ጊዜ መጠን» የሚለውን አትከተዪ፤ አንዳንዱ ካርቶን አንዱን ካርቶን ሁለት ጊዜ መጠን ብሎ ስለሚቆጥረው ቁጥሩ አንሶ ይታያል። እዚያ ረድፍ ላይ ስኳር የሚለውን ፈልጊ። ነጭ ወተትም ቢሆን ዜሮ አይደለም፣ ላክቶስ የሚባል የራሱ ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 5 ግራም ገደማ አለው። እሱ አያሳስብሽ፤ የጤና ድርጅቶች የተጨመረ ስኳር ሲሉ እሱን አይቆጥሩትም። የቸኮሌት ወተቶች ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኚው ከ9 እስከ 11 ግራም ነው። ከዚያ ላይ 5 ቀንሺ። ካርቶኑ 10 ግራም ቢል የተጨመረው 5 ነው ማለት ነው። 200 ሚሊ ሊትር ከያዘ ደግሞ 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት ተኩል የሻይ ማንኪያ ስኳር። አንቺ ራስሽ በአንድ ብርጭቆ ወተት ላይ ይሄን ያህል ስኳር ጨምረሽ አማስለሽ ለ1 ዓመት ከ7 ወር ልጅ ትሰጫታለሽ? እንደማትሰጫት እገምታለሁ። ልቤ አልተቀበለውም ያልሽው ትክክል ነው።

ቀጥሎ ፕሮቲን የሚለውን እይ። ሰው ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ቁጥር ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለው በእርግጥ ወተት መሆኑን የሚነግርሽ እሱ ነው። የላም ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ከ3 ግራም ትንሽ ከፍ ያለ ፕሮቲን አለው። ካርቶኑ 3 ወይም ከዚያ በላይ ካለ፣ ጣዕም የተጨመረበት ይሁን እንጂ ወተት ነው። 1 ግራም ካለ ግን ከወተት ይልቅ ውሃው ይበዛል። እንዲህ ዓይነቱ ምርት ብዙ ጊዜ ስሙም «ወተት» አይልም፤ «የወተት መጠጥ» ወይም «ወተት ያለበት መጠጥ» ይላል። ልዩነቱ አንዲት ቃል ናት፣ ግን ልጅሽ የምታገኘው ምግብ ሲሶ ይሆናል።

ከዚያ የግብዓቶቹን ዝርዝር አንብቢ። የሚጻፉት እንደ ክብደታቸው ነው፣ የበዛው ቀድሞ። መጀመሪያ ላይ ውሃ፣ ቀጥሎ ስኳር ካየሽ መልሱን አግኝተሻል። ስኳር ደግሞ ሁልጊዜ በስሙ አይጻፍም። ግሉኮስ ሲረፕ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮዝ፣ ማር፣ የተጨመቀና የወፈረ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ እነዚህ ሁሉ ስኳር ናቸው። «በማር የጣፈጠ» ወይም «በፍራፍሬ ብቻ የጣፈጠ» የሚል ጽሑፍ አያታልልሽ፣ ለጥርሷ ልዩነት የለውም።

የባለቤትሽን ሐሳብም አልንቀውም። «ጨርሶ ከማትጠጣ ይሻላል» የሚለው ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ወተት ግዴታ አይደለም። ከ1 ዓመት በኋላ ወተት ከምግቦቿ አንዱ ነው እንጂ ዋናው ምግቧ አይደለም። ስኳር ያልገባበት እርጎና አይብ ከበላች ካልሲየሙንም ፕሮቲኑንም ታገኛለች። ጡት የምትጠባ ከሆነ ደግሞ ቀጥዪበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጥባትን ይመክራል። የላም ወተት ስትሰጪያት ስቡ ያልተነሳለት ይሁን፤ እስከ 2 ዓመት ድረስ ስቡ ያስፈልጋታል።

ወደ ነጩ ለመመለስ በአንድ ጊዜ መከልከል ለቅሶ ያመጣል። ቀስ በይ። ከዓይኗ ውጪ ሆነሽ ከቸኮሌቱ ሦስት እጅ፣ ከነጩ አንድ እጅ ቀላቅለሽ በኩባያ አቅርቢላት። ካርቶኑን አታሳያት፣ ልጅ የምትለየው ሥዕሉንና ስትሮውን ነውና። በየጥቂት ቀኑ ነጩን እያበዛሽ ሂጂ። መሃል ላይ ብታምፅ እዚያው መጠን ላይ ትንሽ ቆዪና ደግሞ ቀጥዪ። ሕፃናት አንድን ጣዕም ለመቀበል ከ8 እስከ 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። ሦስት ጊዜ እምቢ አለች ማለት አትወደውም ማለት አይደለም። ጡጦ ከሆነ የምትጠቀሙት ደግሞ ይሄን አጋጣሚ ተጠቅመሽ ወደ ኩባያ አሻግሪያት። በጡጦ ጣፋጭ ነገር ይዞ መተኛት የፊት ጥርስን ከሚያበሰብሱ ነገሮች ዋነኛው ነው።

ጥያቄ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ቀለሙ ነው። የ2 ዓመት ተኩል ልጃችን የእንጆሪ ወተት ይወዳል። ያ ሮዝ ቀለም ከየት ይመጣል? ዝርዝሩ ላይ «ኢ» እያለ ቁጥር የሚደረድረውስ ምንድነው? ባለቤቴ «ኬሚካል ነው» ትላለች፣ እኔ ደግሞ «ተፈቅዶ ነው የሚሸጠው» እላለሁ። ማን ልክ ነው? (የወንድ ልጅ አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለታችሁም ከፊል ልክ ናችሁ። የኢ ቁጥር ማለት ተጨማሪው ነገር በአውሮፓ ተመርምሮ የተፈቀደ ነው ማለት ነው፣ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ኢ162 የቀይ ሥር ቀለም ነው፣ ምንም አይልም። ስለዚህ «ኢ» ባየህ ቁጥር አትደንግጥ። ግን ባለቤትህም ያለ ምክንያት አልተጠራጠረችም፤ ቁጥሩን ለይቶ ማወቅ ነው የሚያስፈልገው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ አንዳንድ ሰው ሠራሽ ቀለሞች ምግብ እንዳይበላሽ ከሚጨመረው ከሶዲየም ቤንዞዌት ጋር ተቀላቅለው የተሰጧቸው የ3 ዓመትና የ8 እና 9 ዓመት ልጆች ላይ የመቅበጥበጥ ባሕርይ መጨመሩን አሳተሙ። ውጤቱ በሁሉም ልጅ ላይ እኩል አልነበረም፣ መጠኑም ከፍተኛ አልነበረም። ቢሆንም የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2010 ጀምሮ ስድስት ቀለሞች የገቡበት ምግብ «በልጆች እንቅስቃሴና ትኩረት ላይ መጥፎ ውጤት ሊኖረው ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲይዝ አስገደደ። ቁጥሮቹን ስልክህ ላይ ጻፋቸው፦ ኢ102፣ ኢ104፣ ኢ110፣ ኢ122፣ ኢ124 እና ኢ129። ለሮዝና ለቀይ የሚያገለግሉት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ናቸው። አንድ ሌላም ጨምርበት፣ ኢ127። ይሄን ቀለም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በጥር 2025 ከምግብ ውስጥ እንዲወጣ ወስኗል፤ ለአምራቾች እስከ ጥር 2027 ጊዜ ሰጥቷቸዋል። ምክንያቱ በከፍተኛ መጠን በወንድ አይጦች ላይ ዕጢ ማምጣቱ ነው፤ ነገሩ በሰው ላይ ታይቶ አይደለም። እኔ ለልጅ ስመርጥ ግን፣ ቀለም ለማሳመር ብቻ የሚገባን ነገር ለምን ብዬ እቀበላለሁ? ለጥቅሙ ሲባል የምታገሠው ነገር የለውም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ካራጂናን ነው፣ ኢ407። ከባሕር ውስጥ አረም የሚወጣ ማወፈሪያ ነው። የቸኮሌቱ ዱቄት ከታች እንዳይዘቅጥ የሚይዘው እሱ ነው። እንዲህ ባሉ ወተቶች ውስጥ የተፈቀደ ነው። በእሱ ብቻ ምክንያት ካርቶን አልጥልም፤ ስኳሩ የበለጠ ያሳስበኛል።

እንጆሪው ራሱስ? ዝርዝሩን ፈልግ። ብዙ ጊዜ «የእንጆሪ ጣዕም» እንጂ እንጆሪ አታገኝም። ልጁ የሚወደው የእንጆሪ ጣዕሙን ከሆነ እውነተኛ እንጆሪ ወይም ሙዝ ፈጭተህ ከነጭ ወተት ጋር ቀላቅልለት፣ ስኳር ሳትጨምርበት። ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ግን ይለምደዋል።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን የማሳድገው እኔ ነኝ፣ 3 ዓመቱ ነው። እርጎ መሰል ጣፋጭ ነገር በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ አለ፣ እሱን በቀን አራት ይጠጣል። ጀርባው ላይ በ100 ሚሊ ሊትር ስኳር 12 ግራም፣ ፕሮቲን 1 ግራም ይላል። ጠርሙሱ 100 ሚሊ ሊትር ነው። «ለሆድ ጥሩ ነው» ብለው ነው የሰጡኝ። ግን ምግብ አልበላ ብሎኛል፣ ቶሎም ይደክመዋል። ፊቱም ነጣ አለብኝ። (አያት)

መልስ፦ እማማ፣ ቁጥሮቹን አይተው መጻፍዎ ሥራዬን አቅልሎልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በቅድሚያ የምለምንዎት ነገር አለ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ልጁን ጤና ጣቢያ ወስደው ደሙን ያስመርምሩት። ለደም ማነስ ብለው ይንገሯቸው፣ ሄሞግሎቢን የሚባል ቀላል ምርመራ ነው። እስከዚያው የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው ውስጡን በብርሃን ይዩት። ጤነኛ ልጅ ላይ ቀላ ያለ ሮዝ ነው። ነጣ ብሎ ካዩት፣ መዳፉም ከእርስዎ መዳፍ ጋር ሲተያይ የገረጣ ከሆነ፣ አፈር ወይም በረዶ የመብላት አመልም ካመጣ፣ ቀን አይቁጠሩ። በጣም የሚደክመው ወይም ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ከሆነ ደግሞ በዚያው ቀን ይውሰዱት።

ለምን ደም ማነስ ጠረጠርኩ? መጠጡ ሆዱን ሞልቶ ምግቡን ስለተካበት ነው። አራት ጠርሙስ ማለት 48 ግራም ስኳር ነው፣ ወደ 12 የሻይ ማንኪያ። ከላይ እንዳልኩት ከ2 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው። ከ48ቱ ውስጥ የወተቱ የራሱ ስኳር ጥቂቱ ነው፣ ፕሮቲኑ 1 ግራም ስለሆነ ወተቱ ሲሶ ገደማ ብቻ ነውና። እንዲህ ጣፋጭ ጠጥቶ የዋለ ልጅ ማታ ምሳውንም ራቱንም አያስታውስም። ወተትም ሆነ እንዲህ ዓይነት መጠጥ ብረት የለበትም ማለት ይቻላል። ደም የሚሆነውን ብረት የሚያገኘው ከሥጋ፣ ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከእንቁላልና ከጎመን ነው፣ እነሱን ደግሞ እምቢ ብሏል። ይሄ በንጹሕ ወተትም ይደርሳል። ለዚህ ነው ለ3 ዓመት ልጅ በቀን ከግማሽ ሊትር ያልበለጠ ወተት ይበቃዋል የሚባለው።

«ለሆድ ጥሩ ነው» የሚለው ውስጡ ስላሉት ባክቴሪያዎች ነው። ስኳር ያልገባበት ተራ እርጎም ሕያው ባክቴሪያ አለው፣ ፕሮቲኑም ይበልጣል።

ጥርሱንም ይዩልኝ። የላይኛውን ከንፈሩን ከፍ አድርገው የፊት ጥርሶቹን ከድድ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ይመልከቱ። ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ካለ መበስበስ ሊጀምር ነው፣ ግን በዚህ ደረጃ ሊቆም ይችላል። ቡናማ ከሆነ የጥርስ ሐኪም ያስፈልገዋል። እነዚህ መጠጦች ጣፋጭ ብቻ ሳይሆኑ ኮምጣጣም ናቸው፣ ጥርስን በሁለት በኩል ይጎዱታል። ቀኑን ሙሉ እየጎነጨ መዋሉ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ጥርሱ የሚያርፍበት ሰዓት አያገኝም። ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ይቦርሹለት፣ ለ3 ዓመት ልጅ የአተር ፍሬ ታህል ትበቃዋለች።

ሲያስተዉት መጀመሪያ የማታውን ያስቀሩ፣ ከዚያ አንድ አንድ እያሉ ይቀንሱ። ከምግብ በፊት አይስጡት። በሰዓቱ ምግቡን ያቅርቡለት፣ መጠጡ ከምግቡ በኋላ ይሁን። ሲጠማው ውሃ ብቻ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው፣ ያለቅሳል፣ አንጀትዎን ይበላዋል። ይጽኑ። ርሃብ ሲሰማው ይበላል። የታዘዘለት የብረት መድኃኒት ካለ ደግሞ ከወተት ጋር አያዋህዱት፣ ካልሲየሙ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ መዋዕለ ሕፃናት ስልከው በካርቶን ያለ የወተት መጠጥ ቦርሳው ውስጥ እከትለታለሁ። ጠጥቶ ግማሹን ይዞት ይመለሳል። ማታ ልስጠው ወይስ ልድፋው? በቀደም ደግሞ አንዱ ካርቶን አበጥ ብሎ አገኘሁት፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ግን ገና ነው።

መልስ፦ የተመለሰውን ድፊው፣ ሳታስቢ። ልጅ በስትሮ ሲጠጣ ምራቁ ወደ ካርቶኑ ይመለሳል፣ ከምራቁ ጋር ጀርም ይገባል፣ ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ሙቀት አለ። የተከፈተ ወተት ፍሪጅ ውስጥ ካልሆነ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ በጣም በሚሞቅ ቀን ደግሞ ከ1 ሰዓት አይለፍ። አፍልቼ ልስጠው እንዳትዪ። አንዳንድ ጀርሞች የሚተዉት መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

ያልተከፈተው ግን እንደ ዓይነቱ ነው። ካርቶኑ ላይ «ዩኤችቲ» ወይም «እጅግ ከፍተኛ ሙቀት» የሚል ካለ፣ ወተቱ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሴኮንድ ሞቆ ጀርም በሌለበት የታሸገ ነው። እስካልተከፈተ ድረስ ቦርሳ ውስጥ ቢውል አይበላሽም። «ፓስቸራይዝድ» የሚለው ግን የሞቀው 72 ዲግሪ ላይ ለ15 ሴኮንድ ገደማ ነው፣ ከፋብሪካ እስከ ልጅሽ አፍ ድረስ ከቅዝቃዜ መውጣት የለበትም። እሱን ቦርሳ ውስጥ አትክተቺ።

ያበጠውን ካርቶን አትክፈቺ፣ አትቅመሺም። ውስጡ ጀርም ገብቶ ጋዝ እየሠራ ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው ገና መሆኑ ምንም አይለውጥም፤ ቀኑ የሚሠራው ማሸጊያው ሳይቀደድና ሳይበላሽ በደንብ ከተቀመጠ ብቻ ነው። ስትገዢ ጠርዞቹንና የስትሮ መግቢያዋን ቀዳዳ በጣትሽ ዳሰስ አድርጊ። የሚያጣብቅ ነገር ካለ አፍስሷል ማለት ነው። አምራቹ የማይታወቅ፣ የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ምዝገባ የሌለው፣ ከትልቅ ከረጢት ተቀንሶ በፌስታል የታሰረ የወተት ዱቄትም ለልጅ አይገዛም። እ.ኤ.አ. በ2008 ቻይና ውስጥ ውሃ የተቀላቀለበት ወተት ፕሮቲኑ ከፍ ብሎ እንዲለካ ሜላሚን የሚባል ኬሚካል ጨምረውበት 6 ሕፃናት ሞተዋል፣ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ታመዋል። ይህን ዓይነቱን ነገር ማናችንም በዓይንና በምላስ አንለየውም፤ ላቦራቶሪ ያለው ተቆጣጣሪ ነው የሚለየው።

አጫጭር ጥያቄዎች

«ስኳር አልባ» የሚለውን ብሰጠውስ? ጣፋጭ ሆኖ ስኳር ከሌለው ሌላ ማጣፈጫ ገብቶበታል። ሱክራሎዝ፣ አሴሰልፌም፣ አስፓርታም የሚሉትን ፈልጉ፣ በቁጥር ከተጻፉ ኢ955፣ ኢ950 እና ኢ951 ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2023 መመሪያ እነዚህንም ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይሰጡ ይላል። ጥርሱን ባያበሰብሱም ምላሱ ጣፋጭ ብቻ እንዲፈልግ ያደርጉታል። «የተጨመረ ስኳር የለውም» የሚለው ደግሞ ሌላ ነው፤ ግብዓቱ ወተት ብቻ ከሆነ ጥሩ ነው።

«ከ1 እስከ 3 ዓመት» የሚል የቫኒላ ጣዕም ያለው የዱቄት ወተት ውድ ነው፣ ግን ልግዛላት? ጤነኛ ከሆነችና ምግብ ከበላች አያስፈልጋትም። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ12 እስከ 23 ወር ላሉ ልጆች አይመክረውም። በዚያ ገንዘብ እንቁላልና ፍራፍሬ ግዙላት። ሐኪም በተለየ ምክንያት ያዘዘላት ልጅ ከሆነች ግን የሐኪሙን ስሙ።

የ9 ወር ልጅ ነው ያለኝ። ወተቱ ላይ ማር ወይም የቸኮሌት ዱቄት ጠብ ባደርግለትስ? ማር ከ1 ዓመት በፊት ፈጽሞ አይሰጥም፣ በጣት ጫፍም ቢሆን። ውስጡ ቦቱሊዝም የሚያመጣ ጀርም ዘር ሊኖር ይችላል፤ የሕፃኑ አንጀት ገና ስላልጠነከረ ጡንቻውን የሚያዝል ከባድ በሽታ ያመጣበታል። ማፍላትም አያጠፋውም። የቸኮሌት ዱቄትም ለ9 ወር ልጅ ቦታ የለውም። የእናት ጡት ወይም ለዕድሜው የተዘጋጀው ፎርሙላ ጣዕም አያስፈልገውም።

ቤት ውስጥ ራሴ ካካዎ ብቀላቅልስ? ልጄ 4 ዓመቱ ነው። ይሻላል፣ ምክንያቱም መጠኑን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ግን ዱቄቱን ለዪ። «የቸኮሌት መጠጥ ዱቄት» የሚሉት ብዙዎቹ ከግማሽ በላይ ስኳር ናቸው። ካካዎ ብቻ የሆነውን ፈልጊ፣ ግብዓቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጻፋል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ኩባያ ይበቃል፣ ምሬቱን የደረሰ ሙዝ ፈጭቶ በመጨመር ማለስለስ ይቻላል። ካካዎ ትንሽ ካፌይን ስላለው ለመኝታ ሰዓት አታድርጊው።

የእንጆሪ ወተት ጠጥቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አካሉ ላይ ሽፍታ ወጣበት፣ ከንፈሩም አበጠ። በራሱ ጠፋ። ነጭ ወተት ግን ሁልጊዜ ይጠጣል። ጠፋ ብላችሁ አትተዉት፣ ይሄ አለርጂ ይመስላል። ነጩን እየጠጣ ምንም ካልሆነ ምክንያቱ ወተቱ ላይሆን ይችላል። ቀለሙ፣ በተለይ ከነፍሳት የሚሠራው ኢ120፣ ወይም አኩሪ አተር፣ ወይም እዚያው ፋብሪካ ውስጥ የነካካው ለውዝ ሊሆን ይችላል። ከላክቶስ አለመስማማት ጋር አታምታቱት፤ እሱ ሆድ የሚነፋና የሚያስቀምጥ ነው እንጂ ሽፍታና እብጠት አያመጣም፣ በዚህ ዕድሜም ብዙ አያጋጥምም። እስኪመረመር ድረስ ያን መጠጥ በምንም መልኩ አትስጡት፣ መዋዕለ ሕፃናት ካለም ለአስተማሪዋ ንገሯት። ሁለተኛ ጊዜ ሽፍታ ከትውከት ጋር ከመጣበት፣ ካሳለው፣ ድምፁ ከታፈነ ወይም መተንፈስ ካቃተው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ባዶውን ካርቶን አትጣሉት፣ ይዛችሁት ሂዱ። ሐኪሙ ምን ምን እንደገባበት ከጀርባው ያነበዋል።